የፓይተን ኮድን ወደ ጃቫስክሪፕት ማሻገር፦ በኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ምሳሌ

ሰርቨር ላይ ለዓመታት ያለ ችግር የሚሠራ የፓይተን ኮድ አላችሁ እንበል። ሥራው አጭር ነው። የፈረንጅ ቀን ሲሰጡት የኢትዮጵያን ይመልሳል፣ የኢትዮጵያን ሲሰጡት ደግሞ የፈረንጁን። አሁን ይኸው ስሌት ስልክ ላይ፣ ብራውዘር ውስጥ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም እንዲሠራ ተፈለገ። ብራውዘር በራሱ የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ነው። ስለዚህ ኮዱ ሊሻገር ነው።

ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ኢፍ አላቸው፣ ሁለቱም ፎር አላቸው፣ መደመርና መቀነሱም ያው ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚሁ መመሳሰል ነው። አንዱን መስመር እንዳለ ገልብጣችሁ ብትወስዱት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ኤረር አይሰጥም። መልሱ ግን ሌላ ነው። ኤረር የሚሰጥ ኮድ ቢያንስ የት ጋ እንደተሰበረ ይናገራል። አድካሚው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ይህ መመሪያም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ከታች በምሳሌነት የማቀርባቸው መስመሮች የቫሪያብል ስማቸው በአማርኛ ነው። ፓይተን 3ም ጃቫስክሪፕትም በፊደላችን የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላሉ፤ ቀድታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

1ኛ ደረጃ፦ መሻገሩ የግድ መሆኑን አረጋግጡ

ኮድ ማሻገር ከሚመስለው በላይ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስቀር መንገድ ካለ ፈልጉ።

አንደኛው መንገድ ኮዱን ሰርቨር ላይ ትቶ በኢንተርኔት መጠየቅ ነው። የኛ ጉዳይ ኔትወርክ በሌለበትም ይሥራ የሚል ስለሆነ ይህ አይሆንም። ሁለተኛው ፒዮዳይድ ነው። ፒዮዳይድ ራሱን ፓይተንን ብራውዘር ውስጥ የሚያስሮጥ ፕሮጀክት ነው። ጎበዝ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተጠቃሚው መጀመሪያ ሙሉውን ፓይተን ማውረድ አለበት። አንዲት ቀን ለመቀየር የሰውን ፓኬጅ እንዲህ መጨረስ ደግ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል (Intl) የሚባል አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለ። የቀን ማሳያውን «ኢትዮፒክ በሚባለው ካሌንደር አሳየኝ» ብላችሁ ብታዙት የፈረንጁን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያወጣላችኋል። የወሩን ስም እንኳ በአማርኛ ይሰጣል። የምትፈልጉት ቀን ማሳየት ብቻ ከሆነ ሥራችሁ በሁለት መስመር አለቀ፤ ቀሪውን አታንብቡ።

ኢንትል ግን የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ሰው የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ዳታቤዙ የፈረንጁን ሲፈልግ አይረዳችሁም። የኛ ኮድ ሁለቱንም ስለሚፈልግ እንቀጥላለን። ኢንትልን ግን አትርሱት፤ ኋላ በምስክርነት እንጠራዋለን።

2ኛ ደረጃ፦ ኮዱን ሳይሆን ሕጉን ጻፉ

የፓይተኑን ፋይል ክፈቱና ምን እንደሚያደርግ በአማርኛ፣ በወረቀት ጻፉ። መስመር በመስመር አይደለም። ሕጉን ነው የምትፈልጉት።

የኛ ሕግ ይህን ይመስላል። ዓመቱ 13 ወር አለው። 12ቱ ባለ 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ግን 6 ትሆናለች። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ሉቃስ ነው፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን የሚያሰላው 5500 ደምሮ በዓመተ ዓለም ነው። 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ውጤቱ አንድ ነው።

ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ ደግሞ የጁሊያን ቀን ቁጥር ይባላል። ቀናትን ያለ ወርና ያለ ዓመት፣ በተራ ቁጥር የሚቆጥር የከዋክብት ተመራማሪዎች ዘዴ ነው። የፓይተኑ ኮድ የኢትዮጵያን ቀን ወደዚያ ቁጥር የሚለውጠው እንዲህ ነው፦

ቁጥር = 1724221 + 365 * (ዓመት - 1) + ዓመት // 4 + 30 * ወር + ቀን - 31

መስከረም 1 ቀን 2000ን አስገቡበት። 2454356 ይወጣል። የፈረንጁ መስከረም 12 ቀን 2007 የጁሊያን ቁጥርም ይኸው 2454356 ነው። ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ቀን ማለት ነው።

ወደ ኋላ ሲመለስ ኮዱ ከቁጥሩ ላይ 1723856 ይቀንስና ለ1461 ያካፍላል። 1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው፦ 365 በ4፣ ሲደመር 1። ቀሪው ከአራቱ ዓመታት በየትኛው ውስጥ እንዳለን ይነግረናል። ቀሪው በትክክል 1460 ከሆነ ያቺ ቀን ጳጉሜን 6 ናት። ይህችን ቁጥር ልብ በሏት፤ ቴስት ስንጽፍ እናገኛታለን።

3ኛ ደረጃ፦ የድሮውን ኮድ መልስ አስመዝግቡ

ከመላው መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትከተሉ ከሆነ ይህን ምረጡ። አንድም የጃቫስክሪፕት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት የፓይተኑን ኮድ አስሮጡና መልሶቹን ፋይል ላይ አስቀምጡ። ጥያቄው ይኼ ነበር፣ መልሱ ይኼ ነበር፣ ተብሎ። የፋይሉ ዓይነት ጄሶን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ያነቡታል።

የቀን መቁጠሪያ ኮድ ደስ የሚለው ነገር ሁሉንም ቀን መሞከር መቻሉ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1900 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 2099 ድረስ ያሉት ቀናት 73,050 ናቸው። ለኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። ሁሉንም አስመዝግቡ። በዚህ ውስጥ 50 ጊዜ ጳጉሜን 6 ትመጣለች። የፈረንጁ 2100ም ይካተታል። ያ ዓመት ለ4 ቢካፈልም በፈረንጁ አቆጣጠር የካቲቱ 28 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ዓመታችን በፈረንጁ መስከረም ላይ አንድ ቀን ይገፋል። ማንም የማይሞክረው ቀን ስለሆነ ባግ ይደበቅበታል።

የተሳሳቱ ጥያቄዎችንም ጨምሩ። ወር 14 ሲባል ምን ይላል? ወር 0 ሲባልስ? ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ሲጠየቅስ? 2016 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀን የለም። የፓይተኑ ኮድ ኤረር የሚሰጥ ከሆነ ጃቫስክሪፕቱም ኤረር መስጠት አለበት። ይህ ሲረሳ ነው አዲሱ ኮድ የማይኖር ቀን ዳታቤዝ ውስጥ የሚከተው።

በዚህ መሀል የድሮው ኮድ ራሱ ስህተት እንዳለው ልታገኙ ትችላላችሁ። ያጋጥማል። አሁን አታስተካክሉት። ማስታወሻ ያዙና እንደ ስህተቱ አሻግሩት። ማሻገርና ማረም አንድ ላይ ከተካሄዱ፣ መልስ ሲለያይ የትኛው እንዳመጣው አታውቁም። ይህ ምክር ብዙ ሰው አይጥመውም፣ እኔ ግን አልደራደርበትም።

4ኛ ደረጃ፦ ከላይብረሪ የተበደሩትን ለዩ

በፓይተኑ ኮድ ውስጥ የእናንተ ያልሆነ ነገር አለ። የፈረንጁን ቀን ወደ ተራ ቁጥር የሚቀይረው ቱኦርዲናል የሚባል ፋንክሽን ከፓይተን ጋር የመጣ ነው። በእሱ ላይ 1721425 ሲደመር የጁሊያን ቁጥር ይሆናል። ጃቫስክሪፕት ቱኦርዲናል የለውም። ያለው ዴት ነው፤ እሱም ጊዜን የሚቆጥረው ከፈረንጁ 1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ዴት ዩቲሲ በሚባለው ፋንክሽን ሚሊሰከንዱን ትወስዳላችሁ፣ ለ86400000 ታካፍላላችሁ፣ 2440588 ትደምራላችሁ። ያው ቁጥር ይመጣል።

ቀላል ይመስላል። የጃቫስክሪፕት ዴት ግን ጠባዩ ለየት ይላል።

ወሮችን ከ0 ይቆጥራል። የፈረንጁ ጥር 0 ነው፣ ታኅሣሥ 11። ቀኖቹ ግን ከ1 ይጀምራሉ። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ አትጨነቁ፤ 1 መቀነሱን ብቻ አትርሱ።

የማይኖር ቀን ሲሰጠው አይቃወምም። የፈረንጁን የካቲት 30 ቀን 2023 ብትሉት ፓይተን ኤረር ይሰጣችኋል። ጃቫስክሪፕት በትሕትና መጋቢት 2 ያደርገዋል። ስለዚህ ፍተሻውን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። አንዱ ዘዴ ዴቱን ከሠራችሁ በኋላ ወሩንና ቀኑን መልሳችሁ መጠየቅ ነው። ከሰጣችሁት ከተለየ ቀኑ የለም ማለት ነው።

ከ0 እስከ 99 ያለ ዓመት ሲሰጠው 1900 ይደምርበታል። የጥንት ዘመን ቀን ካልነካችሁ አይመለከታችሁም።

የሰዓት ክልሉ ነገር ግን ሁላችንንም ይመለከታል። 2024-09-11 የሚል ጽሑፍ ለዴት ብትሰጡት የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል፤ እኩለ ሌሊቱ ግን የዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀኑ ያው ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2017። ኮዱን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሞክር ሰው ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። ዋሽንግተን ግን ያኔ የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ነው። እዚያ ያለችው እኅታችሁ ያንኑ ገጽ ስትከፍት ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ታያለች። ፓይተን ውስጥ ይህ ችግር አልነበረም፤ የፓይተን ዴት ቀን ብቻ ነው፣ ሰዓትም ክልልም የለበትም። መፍትሔው፦ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ቁጥር ያዙ፤ ዴት ስትጠቀሙም ስማቸው ላይ ዩቲሲ ያለባቸውን ፋንክሽኖች ብቻ ጥሩ።

5ኛ ደረጃ፦ ከሥር ወደ ላይ፣ አንድ ፋንክሽን በአንድ ጊዜ

ማንንም ከማይጠራው ፋንክሽን ጀምሩ። በኛ ኮድ እሱ «ዘመነ ሉቃስ ነው ወይ?» የሚለው ነው። እሱን አሻግሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ እሱን ወደሚጠራው ውጡ። ስሞችን አትቀይሩ። አጻጻፉ ለጃቫስክሪፕት ሰው የሚያስቀይም ቢሆንም ለጊዜው ይቆይ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍታችሁ መስመር ለመስመር ማስተያየት የምትችሉት መልካቸው አንድ ሲሆን ነው።

አሁን ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ለኤአይ ይሰጠዋል። እኔም አልቃወምም፤ ለረቂቅ በጣም ይፈጥናል። ሙሉ ፋይል ግን አትስጡት። አንድ ፋንክሽን ስጡት፣ ከ3ኛው ደረጃ ፋይል ጥቂት ጥያቄና መልስ ጨምሩለት፣ «አታሳምር፣ አታሻሽል» በሉት። ካላላችሁት ያሳምረዋል። ያሳመረውን ደግሞ ከድሮው ጋር ማስተያየት አትችሉም።

6ኛ ደረጃ፦ ዝምተኞቹን አድኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከታች ያሉት ሁሉ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለ ኤረር የሚሮጡ፣ ግን የተለየ መልስ የሚሰጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ሁለቱ ስላሾች ናቸው። ፓይተን ውስጥ ክፍልፋዩን የሚጥል ማካፈያ ናቸው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ደግሞ የኮሜንት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዘሎት የሚያልፈው ማስታወሻ መጀመሪያ። ቅድም የጻፍነውን ስሌት እንዳለ ገልብጡትና እዩ። «ዓመት» ከሚለው በኋላ ያለው በሙሉ ኮሜንት ሆኖ ይቀራል። የተረፈው 1724221 + 365 * (ዓመት - 1) + ዓመት የሚል ጤነኛ ስሌት ስለሆነ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። ለመስከረም 1 ቀን 2000 የሚሰጠው 2455856 ነው። ከትክክለኛው በ1500 ቀን ይርቃል፣ ከአራት ዓመት በላይ። ጥሩ ኤዲተር ኮሜንቱን በሌላ ቀለም ያሳያችኋል፤ ስልክ ላይ ኮድ የሚያነብ ግን ሊያመልጠው ይችላል።

በምትኩ ተራውን ማካፈያ ተጠቀሙና ውጤቱን ማት ፍሎር ውስጥ አስገቡት። ማት ትረንክ የሚባል ተመሳሳይም አለ፤ እሱን አትጠቀሙ። ትረንክ ወደ ዜሮ ይቆርጣል፣ የፓይተኑ ማካፈያ ግን ወደ ታች ነው የሚወርደው። ነጋቲቭ 1ን ለ4 ስታካፍሉ ፓይተን ነጋቲቭ 1 ይላል፣ ትረንክ ዜሮ።

ቀጥሎ የቀሪ ምልክቷ አለች። ካለንበት ወር ያለፈውን ወር የሚፈልግ መስመር እንይ፦

ያለፈው = (ወር - 2) % 13 + 1

በመስከረም፣ ማለትም ወር 1 ሲሆን፣ ፓይተን ነጋቲቭ 1ን ለ13 አካፍሎ ቀሪው 12 ነው ይላል። 1 ሲደመር 13። ጳጉሜን፣ ትክክል። ጃቫስክሪፕት ግን ቀሪው ነጋቲቭ 1 ነው ይላል። 1 ሲደመር 0። ወር ዜሮ! ይህ ስህተት በዓመት በአንድ ወር ብቻ ነው የሚታየው። በጥር የሞከረ አያገኘውም። ማስተካከያው ይህ ነው፦

ያለፈው = (((ወር - 2) % 13) + 13) % 13 + 1

ነጋቲቭን ካነሳን አይቀር፣ ፓይተን ውስጥ የወር ስሞችን ሊስት ነጋቲቭ 1ኛ ቦታ ላይ ብትጠይቁት የመጨረሻውን ይሰጣችኋል። ጃቫስክሪፕት «አንዲፋይንድ» ይላል፤ የለም ማለቱ ነው። ኤረር ግን አይደለም፣ ገጹ ላይ በቃሉ ተጽፎ ይወጣል።

ሦስተኛው የወር ፍተሻው ነው፦

1 <= ወር <= 13

ፓይተን ይህን ሰው እንደሚያነበው ያነበዋል። ጃቫስክሪፕት መጀመሪያ 1 <= ወር የሚለውን ይመዝናል። እውነት ወይም ሐሰት ያገኛል። ከዚያ እውነትን እንደ 1፣ ሐሰትን እንደ 0 ቆጥሮ ከ13 ጋር ያወዳድራል። 1ም 0ም ከ13 ያንሳሉ። ስለዚህ ወር 50 ብትሉትም ያልፋል። ፍተሻው አለ፣ የሚፈትሸው ግን የለም። በሁለት ክፈሉትና በ&& ምልክት፣ በጃቫስክሪፕቱ «እና»፣ አያይዙት። 3ኛው ደረጃ ላይ ወር 14ን ያስመዘገባችሁ እዚህ ትይዙታላችሁ።

አራተኛው ከፎርም የሚመጣው ቁጥር ነው። ሰው የጻፈው 1 ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚደርሳችሁ። ፓይተን ጽሑፍና ቁጥር ደምሩ ሲባል እምቢ ይላል። ጃቫስክሪፕት ያጣብቃቸዋል። በኛ ስሌት ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ከመጣ 2454386 እና 1 ተጣብቀው 24543861 ይሆናሉ። ከዚያ 31 ሲቀነስ ጽሑፉ ተመልሶ ቁጥር ይሆናል፤ መቀነስ አያጣብቅምና። 24543830 ይወጣል። ንጹሕ ቁጥር የሚመስል፣ ሩቅ ዘመን ላይ የሚወድቅ ቀን። ፋንክሽኑ በር ላይ ቁጥር አድርጉት፣ ሙሉ ቁጥር መሆኑንም ፈትሹ።

እግረ መንገድ፦ የፓይተን ቁጥር አንባቢ የዓረብኛ ኪቦርድ አኃዞችን ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጣል። የጃቫስክሪፕቱ አይቀበልም። ተጠቃሚዎቻችሁ ሪያድ ወይም ዱባይ ካሉ ይህ ልዩነት ሊነካችሁ ይችላል። የኛን ፩ እና ፪ ግን ሁለቱም ወደ ቁጥር አይለውጡም፤ ሠንጠረዡን ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

አምስተኛው የዲክሽነሪ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቁልፍ ዋጋ የሚይዘው ዝርዝር፣ ቅደም ተከተል ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ ይጀምራል። ስለዚህ ፓይተን ውስጥ ቁልፎቹ 11፣ 12፣ 13፣ 1፣ 2 እያሉ የሚሄዱ ዲክሽነሪ ቢኖር አይገርምም። ፓይተን ከ3.7 ጀምሮ ያስገባችሁበትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት ግን ቁልፉ ሙሉ ቁጥር ከመሰለው ከትንሹ ጀምሮ ይደረድረዋል። የበጀት ሪፖርታችሁ ከመስከረም ጀምሮ ቁጭ ይላል። በኦብጀክት ፈንታ ማፕ የሚባለውን ተጠቀሙ።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው።

ሊስት ላይ የሚዞረው ሉፕ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ፎር-ኦፍ ነው። ፎር-ኢን የሚሰጠው ዕቃውን ሳይሆን የቦታውን ቁጥር ነው፣ ያውም በጽሑፍ መልክ። «ይህ ነገር ሊስቱ ውስጥ አለ ወይ?» ለሚለውም ኢንክሉድስን ተጠቀሙ። ሶርት ካላዘዛችሁት በቀር ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ይደረድራል፤ 13ቱን ወሮች ብትሰጡት 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 2 ብሎ ይቀጥላል። ባዶ ሊስት ፓይተን ውስጥ እንደ ሐሰት ይቆጠራል፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ እንደ እውነት፤ ርዝመቱን ጠይቁ። ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሊስቶች ፓይተን ውስጥ እኩል ናቸው፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ አይደሉም። ገንዘብ የሚነካ ኮድ ከሆነ ደግሞ ራውንድን አትመኑ፦ 2.5ን ፓይተን ወደ 2 ያጠጋጋል፣ ጃቫስክሪፕት ወደ 3። በጣም ትልቅ ቁጥርም እንዲሁ። ፓይተን ሙሉ ቁጥርን ሳይሸራርፍ ይይዛል፤ የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ከ9007199254740991 በላይ አስተማማኝ አይደለም። የቀን ስሌት እዚያ አይደርስም፣ ረጅም መለያ ቁጥሮች ግን ይደርሳሉ።

አማርኛ ጽሑፍ የሚያነብ ኮድ ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። «መስከረም 1 ቀን 2017» የሚል ጽሑፍ ውስጥ የወሩን ስም ለመለየት በሬጌክስ (በጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ባክስላሽ-ደብልዩ ተጠቅማችሁ ይሆናል። ፓይተን 3 ፊደላችንን እንደ ፊደል ያውቀዋል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያ ምልክት የሚያውቀው ላቲኑን፣ ቁጥሮችንና ከግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው። አንድም የአማርኛ ቃል አያገኝላችሁም። ባክስላሽ-ፒ የሚባለውን የዩኒኮድ ምድብ ዩ ከሚባለው ፍላግ ጋር አድርጋችሁ «ማንኛውም ፊደል» በሉት።

የጽሑፍ ርዝመትም እንዲሁ። ለአማርኛ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ይቆጥራሉ። በ2021 ዩኒኮድ ላይ የተጨመሩትን የጉራጊኛ ፊደላት ግን ጃቫስክሪፕት እያንዳንዳቸውን ሁለት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ኢሞጂንም እንዲሁ።

7ኛ ደረጃ፦ አስተያዩ

አሁን በ3ኛው ደረጃ ያስቀመጣችሁትን ፋይል ጃቫስክሪፕቱ ያንብበው። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ነገር ይሞከር፦ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ። ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስሮጠው በኖድ ላይ የምታስሮጡ ከሆነ መልሶቹን በሦስት እኩል ምልክት አታወዳድሩ፤ ሊስት ከሊስት እኩል እንደማይሆን አይተናል። አሰርት ከሚባለው የኖድ ሞጁል ዲፕ ስትሪክት ኢኳልን ውሰዱ።

መልስ ሲለያይ መጀመሪያ ስንት ቦታ እንደተለያየ እዩ። ሁሉም ከተለያየ ስሌቱ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ፤ ስላሾቹን ፈትሹ። 50 ብቻ ከተለያየ ጳጉሜን 6 ናት፤ ቀሪው 1460 የሚሆንበትን መስመር ተመልከቱ። ከፈረንጁ 2100 መጋቢት ወዲህ ብቻ ከተለያየ የፈረንጁን አቆጣጠር በእጃችሁ ጽፋችኋል ማለት ነው፤ ለዴት ተዉት።

ከዚያ የሰዓት ክልሉን እየቀያየራችሁ ድገሙት። ኖድ ቲዚ የሚባለውን የአካባቢ ቫሪያብል ያከብራል። አንዴ በአዲስ አበባ፣ አንዴ በኒውዮርክ፣ አንዴ በኦክላንድ አስሩጡት። መልሱ በአንዲት ቀን እንኳ ከተለየ የሆነ ቦታ ላይ ዩቲሲ ያልሆነ ፋንክሽን ጠርታችኋል።

ምስክሩ ኢንትልም አሁን ይምጣ። አዲሱ ኮድ ከፓይተኑ ጋር ተስማማ ማለት ሁለቱም ትክክል ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነውና ስህተቱንም ሊወርስ ይችላል። የኢንትልን ስሌት የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። በኢትዮፒክ ካሌንደር፣ የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ አድርጋችሁ 73,050ውንም ቀን አወዳድሩ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ለየብቻ ለማውጣት ፎርማት ቱ ፓርትስ የሚባለው ፋንክሽን አለ። ከተለያዩ በ3ኛው ደረጃ ላይ የያዛችሁትን ማስታወሻ አንሡ፤ ምናልባት ያ የድሮ ስህተት ነው።

8ኛ ደረጃ፦ አሁን አሳምሩ

ሁሉም ሲስማማ ኮዱን ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም በለውጥ መዝገቡ ላይ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ነው ስሞቹን ወደ ጃቫስክሪፕት ወግ የምትቀይሩት፣ የተደጋገመውን የምታጥፉት፣ የድሮውን ስህተት የምታርሙት። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቴስቱን አስሩጡ። ስህተት ስታርሙ የጄሶኑን መልስም በዚያው ኮሚት አስተካክሉ፣ ለምን እንደተቀየረ በአንድ መስመር ጻፉ።

ገጹን ለሰው ከመልቀቃችሁ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም አስሩጡ። ተጠቃሚው የሚያየው የድሮውን መልስ ይሁን፣ አዲሱ ከጀርባ ያስላ፣ ሲለያዩ ሎግ ላይ ይመዝገብ። የሚቻል ከሆነ ይህ ጊዜ ጳጉሜንን አልፎ መስከረምን ቢነካ ይመረጣል፤ እውነተኛ ሰዎች እንግዳ ቀን የሚያስገቡት ያኔ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ፓይተን ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ቡድናችሁ ይወስን። የሚቀጥል ከሆነ ያው የጄሶን ፋይል የሁለቱም ቴስት ይሁን፤ አንዱ ሲቀየር ሌላው ቀይ ያበራል። የሚቀር ከሆነ የፓይተኑን ኮድ ሰርዙ፣ ፋይሉን ግን አስቀሩ። ነገ ይህንኑ ኮድ ወደ ኮትሊን ወይም ወደ ዳርት የሚወስድ ሰው 3ኛውን ደረጃ ተሠርቶ ያገኘዋል።